እናቴን ገለጉ የሚያደርስ አሞርዛተር

እስካለፈው ዓመት ድረስ ስለ አሞርዛተር የማውቀው ጋራዥ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ያየሁትን ብቻ ነበር። ምን እንደሚመስል፣ የት እንደሚታሰር፣ ቢወልቅ መኪናው ይቁም ይሂድ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን መኪና ሲያልፍ ሌላው ሰው ሹፌሩን ያያል፤ እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ የኋላ ጎማውን ሥር አያለሁ። የቢሮ ጓደኞቼ ታዝበውኛል። እናንተም ከመታዘባችሁ በፊት እዚህ ደረጃ ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁና ከዚያ እንደፈለጋችሁ።

አባቴ ገንዳ ውሃ አካባቢ ሰሊጥ ያርሳል። እርሻው ትንሽ ናት፤ የመኪና ፍቅሩ ግን የባለሀብት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ኢንቨስተር እርሻውን ትቶ ወደ ጎንደር ሲመለስ አሮጌ የመስክ መኪናውን ለአባቴ ሸጠለት። ሰውየው መኪናዋ በክረምት በጥቁሩ መረሬ ጭቃ ውስጥ እንዳትሰምጥ ብሎ ትንሽ ከፍ አስደርጓታል። ስለ ከፍታዋ መጠን በቤታችን ስምምነት የለም። አባቴ አራት ጣት ነው ይላል፣ መካኒኩ ሁለት ኢንች ይላሉ፣ ለመውጣት እግሯን ማንሳት ያለባት እናቴ ደግሞ አንድ ፎቅ ነው ትላለች።

ከፍ ሲያደርጓት ከኋላ ረዥምና ጠንካራ ሞላ ገጠሙላት። ሞላ ማለት መኪናውን የሚሸከመው የተጠማዘዘ ብረት ነው። አሞርዛተር ከጎኑ የሚቆመው ዘንግ ነው፤ ሥራው ሞላው መዝለል ሲጀምር «በቃህ፣ ረጋ በል» ማለት ነው። በየቤቱ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ሞላው አባቴ ሲሆን አሞርዛተሯ እናቴ ናት። መኪናዋ ላይ ግን አዲሱ ሞላ ሲገባ አሞርዛተሩ የድሮው እንደሆነ ቀረ። በዚህ የተነሳ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ከሥሯ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ባንድነት ጣሪያውን ይሳለማል።

እናቴ ወገቧን ያማታል። መስከረም ላይ ኮኪት ከተማ ለቅሶ ልትደርስ በዚያች መኪና ሄዳ፣ ለቅሶ ቤቱ ስትገባ ከሟች ቤተሰብ በላይ እያለቀሰች ነበር። «እንዴት አንጀቷ ርኅሩኅ ነው!» ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራላታል። ተመልሳ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። በአራተኛው ቀን ተነሳችና ማለች።

«ከእንግዲህ በዚህች መኪና የሚሳፈረው ሬሳዬ ነው። ያኔም ቢሆን ዝግ ብላችሁ ንዱ!»

ጥቅምት መባቻ ላይ ታላቅ እህቴ ስንዱ ገለጉ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ለቤታችን የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ነው። ክርስትናው በአርባኛው ቀን ነው። ገለጉ ደግሞ ሩቅ ነው፤ መንገዱም መንገድ የሚባለው ሌላ ስም ስላልወጣለት ነው። ሰው የሚሄደው በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ እሱም ካልተገኘ በእግሩ ነው። እናቴ ጆንያ ላይ መውጣት አትችልም፣ በእግሯ አትደርስም፣ በእኛ መኪና ላለመሄድ ደግሞ ምላለች። ይህን ሁሉ ካሰበች በኋላ ለሕፃኑ ያሰፋችውን ነጭ ልብስ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች። እናቴ ስትቆጣ ማናችንም አንፈራም። ዝም ስትል ግን አባቴ በገዛ ቤቱ መቀመጫ ያጣል።

«አሞርዛተር ይገዛላታል!» አለ፣ ለእናቴ ይሁን ለመኪናዋ ሳይለይ።

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ እጽዋት ነው። በሰፈራችን ግን ዲግሪ ያለው ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው፤ ቴሌቪዥን ሲበላሽም ላም ስትታመምም የምጠራው እኔ ነኝ። ጠንቃቃ ነኝ፣ አልክድም። የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ። የባሰብኝ ዓይን አፋርነቴ ነው። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው እወርዳለሁ። የሚወርድ ከጠፋ ቢሮዬን አልፌ እሄዳለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን የባጃጁ ልጅ ቤቱ ገብቶ ምሳ ሊበላ ሲል ነው ያየኝ። ይህ ጠባይ በአሞርዛተር ግዢ ውስጥ ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሰው ላለማስቸገር በስልኬ ጀመርኩ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አነበብኩ። ለእንደኛዋ ዓይነት ከፍ ላለች መኪና የሚሆን የኋላ አሞርዛተር ሦስት ዓይነት መሆኑን ተረዳሁ፤ ለቀላል ጭነት፣ ለመካከለኛ፣ ለከባድ። ቀላሉን ከባድ ጭነት ላይ ከገጠሙት መኪናው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል፤ ከባዱን ባዶ መኪና ላይ ከገጠሙት ያንገጫግጫል። በየሥዕሉ ላይ መኪናው ወንዝ ዳር ቆሞ ሁለት ሰዎች ድንኳን ተክለው ይስቃሉ። የእኛ መኪና ሁለት ሰው ብቻ ይዛ አታውቅም። ባትሪዋ ሞቶ ስትገፋ እንኳ ውስጧ የሚቀመጡት ከሚገፏት ይበዛሉ።

«ጠንካራውን ግዥ፣» አለ አባቴ።

«ለስላሳውን፣» አለች እናቴ።

መካኒካችን ጋሼ ፈንታ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ፈንታ ሁልጊዜ መኪና ሥር ተኝተው ስለሚያወሩ ብዙ ደንበኛ የሚያውቀው ጫማቸውን ነው። እኔም ለጫማቸው ነገሬን አስረዳሁ።

«አየሽ ልጄ፣» አለ ጫማው፣ «ልጁ አድጓል፣ ሱሪው ግን የአምናው ነው። እግሩን በዘረጋ ቁጥር ሱሪው ይይዘዋል። ቋ የሚለው እሱ ነው።»

«ታዲያ ረዥም ይገዛ ነው የሚሉኝ?»

«ዝም ብሎ ረዥም ከሆነም ጉድ ነው። መኪናው ተጭኖ ዝቅ ሲል መታጠፊያ ያጣና ታቹን ይመታል። ሁለት ልክ አምጭልኝ። ጎማው ተንጠልጥሎ ስንት፣ መኪናው ሞልቶ ስንት።»

የመጀመሪያውን ልክ እዚያው አገኘነው። በክሪክ አነሱልኝ፣ እኔም የእናቴን የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ለካሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንዳልሳሳት። ሁለተኛው ልክ ግን «ሞልቶ» የሚለውን ቃል መወሰን ጠየቀ። ማታ በእራት ላይ አባቴን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ መኪናችን ብዙ ጊዜ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አምስት። ሊብሬው ላይ አምስት ይላል።»

«ሊብሬውን አይደለም፣ አንተ የምትጭነውን።»

«እሱማ እንደ ሁኔታው ነው።»

«በአማካይ?»

ስድብ እንደሰማ ሰው አየኝ። «ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው በአማካይ ነው እንዴ የሚቆመው? ሰው አንስተሽ ስንት ነበሩ ብለሽ ከቆጠርሽ ምኑን አነሳሻቸው!»

በእኛ ቆላ ሙቀት መንገድ ዳር የቆመ ሰው አይታለፍም። ይህ በጽሑፍ የወጣ ደንብ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሰው በባዶ መኪና አልፎ ሄደ ከተባለ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። የተሳፈረውንም መቁጠር ነውር ነው፤ ውለታን እንደመቁጠር ነው። ስለዚህ አባቴ ስንት ሰው እንደሚጭን ከልቡ አያውቅም። እናቴ ታውቃለች፤ ወገቧ እየታመመም ቢሆን ከኋላ የሚመጣውን የላብ ሽታ ትቆጥር ነበር። «ገበያ ነው የምንጭነው» ነው ያለችኝ።

ለጋሼ ፈንታ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሰው ሞልተሽ ለኪው፣» አሉኝ። «ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አጫጆች ጋ እርሻ ሲውል መኪናዋን ወሰድኩ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ከከተማ ወጥቼ ነድቼ ግን አላውቅም። መውጫው ላይ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰዎች ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ መስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር። ወርጄ ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ መኪናዬን ለመለካት ስለፈለግሁ ለአምስት ደቂቃ ገብታችሁ ተቀመጡልኝ።»

ሁሉም በአክብሮት ሰሙኝ። በዚያ ሙቀት ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ቀረብ አሉ።

«ምንሽን ነው የምትለኪው ልጄ?»

«አሞርዛተሩን ነው አባቴ።»

«እግዚአብሔር ያግዝሽ፣» አሉና ገቢናው ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹ ከኋላ ገቡ። ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ማጭዱን በጨርቅ የጠቀለለ ይርጋ የሚባል የጎጃም አጫጅ፣ ሁለት ነጋዴዎች፣ ሌሎችም፤ ባጠቃላይ አሥራ አንድ። ከነሱ ጋር አንድ በግ ገባ፤ በጉን ግን አልጋበዝኩትም።

እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ መኪናው ሥር ገባሁ። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ደግሜ ለካሁ። አቧራዬን አራግፌ ስወጣ ሰዎቹ ተደላድለዋል። ሴትየዋ ልጇን ታጠባለች። በጉ ተኝቷል። አንዱ ነጋዴ ጫማውን አውልቋል።

«አመሰግናለሁ፣ ጨርሻለሁ፣» አልኩ።

«ተመስገን!» አለች ሴትየዋ። «በይ ሳይሞቅ እንሂድ።»

ሽማግሌው ደግሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «መንገድሽን ያቅናልሽ። ከክፉ ይሰውርሽ። እንዳንች ያለውን ልጅ ያብዛልን።» ከኋላ ሁሉም «አሜን!» አሉ።

ፍረዱኝ። አሜን ከተባለ በኋላ «ውረዱ» ይባላል? ሰዎቹ ያልኩትን ሰምተዋል፤ አልዋሹኝም፣ አላታለሉኝም። ነገር ግን አንድ ሰው መኪና አስነስቶ፣ ሰው ጠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ከዚያ የትም አልሄድም ሊል ይችላል የሚለው ሐሳብ በማናቸውም ልብ ውስጥ አልገባም። መለካቱን ከመንገድ በፊት የሚደረግ አንድ የተማረ ሰው ሥርዓት አድርገው ነው የወሰዱት። በሩን ከፍቼ መሪው ፊት ተቀመጥኩና እንደ ሹፌር ሳይሆን እንደ ተሳፋሪ ጠየቅሁ።

«የት ነው የምንሄደው?»

«መተማ ዮሐንስ!»

ነዳሁ። ምን ላድርግ? እጄ መሪው ላይ ላብ በላብ ሆኖ በአስፋልቱ መሀል ተንቀረፈፍኩ። ትራክተር አልፎኝ ሄደ፤ ነጂው ዞሮ «አይዞሽ!» ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ። መንገድ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሲያነሱ ማለፍ አቅቶኝ ቆምኩ። አሥራ ሦስት ሆኑ። አስፋልቱ በተቦረቦረበት ቦታ ሁሉ መኪናዋ «ቋ!» ትላለች፣ ከኋላ «እመ ብርሃን!» ይባላል፣ በጉም የራሱን ይላል።

«ምነው እቴ፣» አለ ይርጋ ጭንቅላቱን እያሻሸ፣ «ይኸን መኪና ምን በድለነው ነው?»

«አሞርዛተሩ ነው፣» አልኩ በቀስታ። «ልገዛለት ነው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ኮኪትን ሳናልፍ አሥራ ሦስቱም የአሞርዛተር አዋቂ ሆኑ። አንዱ ነጋዴ የአጎቱ ልጅ አብደራፊ ላይ ለስላሳ ገጥሞ እንደተገለበጠ ነገረን። ሌላው ጠንካራ ገጥሞ ጥርሱ ስለወለቀ ሰው አወራ። ሽማግሌው በሰላም አስማሟቸውና «ኢድሪስ ጋ እንውሰዳት» ብለው ወሰኑ። እኔን አልጠየቁኝም፤ እንዳልጨነቅ ብለው ይመስለኛል።

ኢድሪስ መተማ ዮሐንስ ላይ መለዋወጫ ይሸጣል። ሱቁ በር ላይ ስቆም ሰዎቹ አመስግነው በየፊናቸው ይበተናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁሉም ተከትለውኝ ገቡ።

«ተለክተንማ እንዴት ጥለንሽ እንሄዳለን!» አለች ባለ ሕፃኗ።

ኢድሪስ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለ። «አህለን፣ አህለን! ሰርግ ነው?»

«አሞርዛተር… የኋላ…» አልኩ።

«ከነዚህ ሁሉ ጋር?»

ሦስት ጥንድ አውጥቶ ደረደረልኝ። «ይኼ ለባልና ሚስት ነው። ይኼ ለቤተሰብ። ይኼ ለጭነት። ስንት ሰው ትጭናላችሁ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ይርጋ ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ አሰለፋቸው። «ይኸው! ከነበጉ!»

ኢድሪስ ከዳር እስከ ዳር አያቸው። ሦስተኛውን ጥንድ አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ኸላስ፣ አለቀ፣» አለኝ።

እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። ወረቀቴን አውጥቼ ተዘርግቶ ስንት፣ ተጭኖ ስንት ብዬ በእናቴ ሜትር ለካሁ። ርዝመቱ ልክ ነበር። ጭነቱም በዓይኔ ያየሁት፣ በወገቤም የሰማሁት ነው። ገዛሁ። አሥራ ሦስት ሰው አጨበጨበልኝ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ደስ አለኝ ማለቴ ነው።

ጋሼ ፈንታ ሲገጥሙት ከመኪናው ሥር ወጥተው ፊታቸውን አሳዩኝ፤ ይህ ለማንም የሚደረግ ክብር አይደለም። አባቴ በማግስቱ እንደተለመደው ገበያውን ጭኖ ሞከራት። ቋ የለም። መዝለል የለም። «እንደ አልጋ ናት!» ብሎ መጣ። እናቴ ንስሐ አባቷን ጠይቃ መሐላዋን አስፈታች፤ ለዚህም የሰባት ቀን ስግደት ታዘዘባት። ለወገቧ እንዴት እንደሆነ እሷ ትወቅ፤ ሰገደች።

የጉዞው ዕለት ደረሰ። አባቴ መኪናዋን አጥቦ፣ ገቢናው ላይ ትራስ አስቀምጦ፣ እናቴን ደግፎ አወጣት። እኔ ከኋላ ብቻዬን ከቅቤና ከማር ጋር ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ሰው አልጭንም፣» አለ አባቴ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ዛሬ መኪናዋ የአንች ናት።»

እናቴ ፈገግ አለች። እኔ የረሳሁት ነገር ያለ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባኝም።

አስፋልቱ እስኪያልቅ ደህና ነበርን። አባቴ ቃሉን ጠበቀ። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎችን ባለፈ ቁጥር አንገቱን እየደፋ፣ እጁን እያነሳ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ነበር፤ ሦስተኛዎቹን ሲያልፍማ ዓይኑን ጨፈነ፣ እናቴ ናት «መንገዱን እይ!» ያለችው። ከዚያ ወደ ገለጉ የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ወጣን።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ረገጠች። ቋ አላለችም፤ ርዝመቱ ልክ ነው። ቀጥታ እንደ በቅሎ ረገጠች እንጂ። አሥራ ሦስት ሰውና አንድ በግ ለማረጋጋት የተሠራ ዘንግ ሦስት ሰው ሲሰጡት ምን ያደርጋል? ድንጋይ ይሆናል። በሁለተኛው ጉድጓድ እናቴ «ውይ!» አለች። በሦስተኛው ምንም አላለችም፤ የበሩን መያዣ ብቻ ጨበጠች። ጣቶቿ ሲነጡ አየሁ።

ያኔ ገባኝ። ተንጠልጥሎ ለክቻለሁ፣ ተጭኖ ለክቻለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ያልለካሁት እናቴ ብቻዋን ስትቀመጥ ነው። እሱ ነበር ጉዳዩ።

አባቴ ዝግ አለ። ጎማውን ትንሽ አስተነፈሰው። ትራሱን ሁለት አደረገው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናቴ «አቁም» አለች፣ ወረደችና አንድ ዛፍ ጥላ ሥር በጎኗ ተጋደመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ እዚሁ እቆያለሁ፣» አለች። «እናንተ ሂዱ። ልብሱን አልብሱት። ስትመለሱ ታነሱኛላችሁ። ለስንዱ ትንሽ አሟት ነው በሏት።»

ያን ነጭ ልብስ ከብብቷ አውጥታ ሰጠችኝ። ማልቀስ ሲመጣብኝ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «እማዬ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ለሙሉ መኪና ነው የገዛሁት። ባዶ ሲሆን ይረግጣል።»

ወደ መኪናዋ ዞር ብላ አየች። «ሙሉ ቢሆንስ?»

«ይለሰልሳል።»

ቀና ብላ አባቴን አየችው። «ታዲያ ምን አስገትሮሃል? ሰው ጫን!»

አባቴ ከአሥር ዓመት እስራት በምሕረት እንደተፈታ ሰው ዘሎ መንገዱ መሀል ቆመ። ወደዚያ አየ፣ ወደዚህ አየ። ሰው የለም። ያ ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት አገር አንድ ነፍስ አላሳይ አለ። ያለፋቸውን ሰዎች በሐሳቡ እየቆጠረ ይመስለኛል፣ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ተንጎራደደ። «ወደ ኋላ ልመለስና ላምጣቸው?» አለ። ድንጋይ እንጫን ስለው «ለክርስትና ድንጋይ ይዞ ይኬዳል?» ብሎ ተቆጣኝ።

ብዙ ቆይቶ ስድስት የወሎ አጫጆች ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከጫካው ብቅ አሉ። አባቴ ሮጦ ሄዶ እጅ በእጅ ይዞ አመጣቸው። ደንግጠዋል።

«ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፣» አለች እናቴ ከተጋደመችበት።

«አብሽሪ እማ፣ እኛ ቅርብ ነው የምንሄደው፣» አለ ትልቁ። «ያች ዛፍ ጋ ያለው እርሻ ነው።»

«ግድ የለም፣ እስከዚያ።»

ገቡ። መኪናዋ ኋላዋን ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። እናቴን ደግፈን አወጣናት፣ አባቴ ነዳ፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ዝቅ ብላ ቀና አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ። እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቀለሟ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ወሬ ጀመረች። ከዚያ የሰዎቹ ዛፍ ደረሰ።

«እዚህ ላይ አውርዱን፣» አለ ትልቁ።

«ሥራችሁ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች እናቴ ሳትዞር።

«ሰኞ ነው እማ።»

«ዛሬ ገና ዓርብ ነው! በዚህ ሐሩር ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ምን ልትሠሩ? የልጅ ልጄ ክርስትና ነው። ሥጋ አለ። እሑድ መልሰን እናደርሳችኋለን።»

ሰዎቹ ተያዩ። እንጀራ ፍለጋ ከወሎ ድረስ የመጣ ሰው ለክርስትና ጠለፉኝ ብሎ ለማን ይናገራል? ታናሽየው «ሥጋ» የሚለውን ቃል ደግሞ ጠየቀ፤ ተረጋገጠለት። ቀጠልን። መንገድ ላይ አንዲት እናትና ልጇ ሲጨመሩ እናቴ ወደ ኋላ ዞራ አደላደለቻቸው። «አንተ ወደ ጎማው ጠጋ በል። አዎ፣ እዚያ። ተባረክ።» ከእኔ ይበልጥ አሞርዛተር ገብቷታል።

ገለጉ ስንደርስ ስንዱ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመኪናዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሰው ሲወርድ፣ ማጭድ ሲወርድ፣ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እማዬ! እነማን ናቸው እነዚህ?»

«የወገቤ ሰዎች ናቸው፣» አለች እናቴ። ማንም ሳይደግፋት፣ አንድ ፎቅ ከምትለው ከፍታ ወርዳ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ሕፃኑን ተቀበለቻት።

ክርስትናው አማረ። ወሎዎቹ በግ አረዱ፣ ውሃ ቀዱ፣ ዘፈኑም። እሑድ ረፋድ ላይ ልንመለስ ስንነሳ እናቴን ፈልጌ አጣኋት፤ ወሎዎቹ እርሻቸው ጋ ሲወርዱ ኮረኮንቹ ገና እንደማያልቅ አስባበት ኖሯል። ያገኘኋት የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት አደባባይ ላይ ነው። በሕይወቷ ገበያ መሀል ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ንጹሕ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ ትጣራለች።

«ገንዳ ውሃ! ገንዳ ውሃ! በነጻ!»

ሰው በነጻ መባሉን ጠርጥሮ ራቅ ብሎ ይመለከታል። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ቀጫጭን ተማሪዎች ደፍረው ቀረቡ። እናቴ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ያዣቸው።»

ቀጥሎ ከጆንያዎቹ መሀል አንድ ግዙፍ ነጋዴ ላቡን እየጠረገ ተነሳ፣ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ፊቷ በራ። እየሮጠች ሄዳ የኋላውን በር ራሷ ከፈተችለት።

«ይምጡ ጌታዬ፣ ይምጡ። ከነጆንያዎ።»